ሦስት ለጄኔቭ፣ አንድ ለዙሪክ

«ጋሽ ፍሬው ዙሪክ አረፉ» የሚል መልእክት እሑድ ጠዋት የማኅበራችን ግሩፕ ላይ ሲወጣ፣ «አረፉ» ለሚለው ሁላችንም ነፍስ ይማር አልን። «ዙሪክ» የሚለው ግን ለብዙዎቹ አልዋጥ አለ። አንዱ «ስሕተት እንዳይሆን አጣሩ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ጭራሽ «ጄኔቭ ለማለት ነው» ብሎ አረመው። መሞታቸውን የተጠራጠረ የለም፤ ሰው ናቸውና ይሞታሉ። ጋሽ ፍሬው በገዛ ፈቃዳቸው ዙሪክ ሄደው እዚያው ሞቱ መባሉ ግን ለጄኔቭ ሐበሻ ሁለተኛ መርዶ ነበር።

ጋሽ ፍሬው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጄኔቭ ትራም ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ኮንትሮለር። ቤታቸው ካሩዥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ዩኒፎርሙን መለሱ እንጂ አረማመዱን አልመለሱም። ካፌ ሲገቡ እንኳ ግራ ቀኝ እያዩ ነው፣ የተቀመጠው ሁሉ የከፈለ መሆኑን ሊያጣሩ። ትራም ላይ ሐበሻ ሲያገኙ መጀመሪያ «ቲኬት» ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ቀን ቦርሳዬን ስበረብር ፊቴ ቆሙና «ስንዱ፣ እኔ የምጠይቀው አንዴ ነው» አሉኝ። ቲኬቱ ሲገኝ «በይ አሁን እንደምን አደርሽ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ሆነ። በሳቸው እጅ ሳይቀጣ ያለፈ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ።

ለወገን የማያዳሉ ሰው ነበሩ እንዳልል ኳስ አለ። ኳስ ላይ ጋሽ ፍሬው ሚዛኑንም ሕጉንም አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱና ጄኔቭ፣ ጄኔቭ፣ ጄኔቭ ነው።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ቨርሷ ሜዳ ተከራይተን የምናደርገው የሐበሻ ዋንጫ አለን። ቡድኖቹ በሁለት ምድብ ተከፍለው ዓመቱን ሙሉ ይጋጠማሉ። በጄኔቭ ምድብ ቨርሷ፣ ካሩዥና ኦ ቪቭ አሉ። ሎዛንም አለች፤ ግን ሎዛን የምትመጣው ምሳውን ፈልጋ ነው፣ ማሸነፍ አምሯት አያውቅም። በዙሪክ ምድብ ደግሞ ራሱ የዙሪክ ቡድን፣ ሊማት የሚባለው ሁለተኛው የዙሪክ ቡድን፣ በርንና ባዝል ናቸው። ለዋንጫው ቀን ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋሉ፣ አራት ይሆናሉ፣ ሰው ይጮኻል፣ ይበላል፣ ይጣላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰላማዊ ሕግ ነበር። ጋሽ ፍሬው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ የሆንኩት ኳስ ስለማውቅ እንዳይመስላችሁ። «ሴት ትኑርበት» ተብሎ ነው፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሲያስረዱኝ እየሰማሁ ነው።

አሁን ስለ ደረጀ ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ ጋሽ ፍሬው አይገቡም። ደረጀ የጋሽ ፍሬው ታናሽ ወንድም ነው፤ ከኔ ጋር እኩያ ነን። ዙሪክ የሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራል፣ ጴንጤ ነው፣ ሊማትን ያሠለጥናል። ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ የቸርቹ ልጆች ናቸው። ከጨዋታ በፊት ተቃቅፈው ሲጸልዩ ቆይተው፣ ፊሽካው እንደተነፋ እግር ሰባሪ ይሆናሉ። ወንድማማቾቹ የተቀያየሙት እናታቸው አዲስ አበባ ሲያርፉ ነው። ጋሽ ፍሬው ተዝካር ይውጣ አሉ፤ ደረጀ «እኔ በተዝካር አላምንም» ብሎ ሳይገኝ ቀረ። ጋሽ ፍሬው «እናቱን ሜዳ ላይ ጣላት» ብለው ማሉ፣ ተገዘቱ፣ ቤቱን ላይረግጡ። እሱም በበኩሉ መደወሉን ተወ። ሽማግሌ ተላከ፣ ሽማግሌው ሁለቱም ቤት ጥሩ አድርጎ በልቶ ተመለሰ።

የቀረቻቸው የዋንጫው ቀን ብቻ ነበረች። ያን ቀን ሊማት ስለሚያልፍ ደረጀ ይመጣል፤ ሁለቱ ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ቆመው ከጠዋት እስከ ማታ ይጨቃጨቃሉ። ስለ እናታቸው አንድም ቃል የለም። ሁሉም ነገር ስለ ማእዘን ምት ነው። ደረጀ ጥንት «ጋሼ» የሚላቸውን ወንድሙን «ሰብሳቢው» ብሎ በአንቱታ ነው የሚያናግረው። «ሰብሳቢው እዚያ ጋ እጅ መንካቱን አላዩም?» ይላል። አንቱታው ከስድብ ይከብድ ነበር። ግን ይነጋገሩ ነበር እኮ! ጋሽ ፍሬው ያን ቀን ፂማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዝ አስተኩሰው ነው የሚመጡት። ለኳስ ነው ብለን እናልፋለን፣ ምን ቸገረን።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቀን ተነሥተው «ሁለት ሁለት የሚባለው ነገር ይቅር፣ ከጄኔቭ ሦስት ይለፍ፣ ከዙሪክ አንድ ይበቃል» ያሉት። «ይሄ ኳስ ነው፣ የዕድር ተራ አይደለም። ማለፍ ያለበት ጠንካራው ነው፤ አንድ ምድብ ሦስት ጠንካራ ከወለደ ምን ይደረግ፣ አንዱን እንነቀው?» አሉ። ከዙሪክ የሚቀረው ሁለተኛ ቡድን ደግሞ ሊማት ነው። ሊማት ቀረ ማለት ደረጀ ቀረ ማለት ነው። ይሄን ሁላችንም በአንድ አፍታ አሰላነው። ሰብሳቢው ብቻ አላሰሉትም፣ ወይ ደግሞ አስልተው አንገታቸውን አደነደኑ።

ስብሰባው ካሩዥ አንድ ካፌ ጓዳ ውስጥ ተደረገ። ከዙሪክ ሁለት ሰው መጣ፤ ባንክ የሚሠራው ሳምሶን ለመጀመሪያው ቡድን፣ ደረጀ ለሊማት። ሳምሶን ወጣት ነው፣ በስብሰባ ያምናል፣ ምስኪን።

«ጋሽ ፍሬው፣ ማንን አሸንፋችሁ ነው ሦስት ቦታ የምትጠይቁት?» አለ።

«ቨርሷ ካሩዥን አሸንፏል።»

«እሺ።»

«ካሩዥ ኦ ቪቭን አሸንፏል። ኦ ቪቭ ደግሞ ቨርሷን። ስለዚህ ሦስቱም ጠንካራ ናቸው።»

«እርስ በርሳችሁ እኮ ነው የተሸናነፋችሁት! ሦስቱም ደካማ ናቸው ማለትስ አይቻልም?»

«ደካማ ከሆኑ እንዴት ያሸንፋሉ?» አሉ ጋሽ ፍሬው።

ጋሽ ፍሬው ቀጠሉ፦ «የናንተ ምድብማ! በርንን አሸነፍን፣ ባዝልን አሸነፍን እያላችሁ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።»

«ዓባይ ያሉት ሎዛንን ነው?» አለ ሳምሶን፤ እኔ ሳቄን ውሃ እንደሚጠጣ ሰው በብርጭቆ ሸፈንኩት።

እንዲህ ሲባባሉ ብዙ ቆዩ። አንዱ ኮታ ሲል ሌላው ጥራት፣ አንዱ ፍትሕ ሲል ሌላው ጎል። የሀገራችን ጉዳይ በዚህ ትጋት ቢመከርበት ኖሮ እኛ ሁላችን ስዊስ ምን ልንሠራ እንመጣ ነበር?

ዝም ያለው ደረጀ ብቻ ነበር። ኮቱን እንኳ አላወለቀም። በመጨረሻ ቀስ ብሎ «ሰብሳቢው ያሉት ይሁን። ግን ሊማት አምና በወዳጅነት ጨዋታ ካሩዥን እዚሁ ሜዳው ላይ አሸንፎታል» አለ።

እውነት ነው። ከዋንጫው ቀን ውጭ ከሁለቱ ምድብ እርስ በርስ የተጋጠመ ቢፈለግ ያለው ያ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ፍሬውም ቆመው አይተውታል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መለሱ። ኮንትሮለር ናቸውና ትክክለኛ ቲኬት ሲያሳዩዋቸው ማለፍ ያውቃሉ።

«ልክ ነው፣ አሸንፋችሁናል» አሉ። ወደ ወንድማቸው ዞረው «በል ደረጀ፣ አራተኛውን ቦታ፣ የኛን ሦስተኛ፣ ሊማት ይውሰደው» አሉት።

ሰውየው የጄኔቭን ነገር አንሥተው ለዙሪክ ሲሰጡ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደረጀ ፊቱ በራ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቅር! ለናንተ ይሁን» አለ።

ጋሼ አላቸው። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። «ይቅር» ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። «ብላ» ሲሉህ «ጠግቤያለሁ» እንደማለት ነው። ሆድህ ባዶ ነው፣ ወጡ ሸትቶሃል፣ ግን «በሞቴ» እስክትባል አትዘረጋም። ተጠያቂው ይግደረደራል፣ ጠያቂው ይለምናል፣ ሦስተኛው ላይ ይበላል። ከሕፃንነታችን ያደግንበት ነው።

ጋሽ ፍሬው «እሺ፣ እናመሰግናለን» አሉ። «እንግዲያው ሦስት ለጄኔቭ፣ አንድ ለዙሪክ። ስንዱ፣ ጻፊ።»

የደረጀ እጅ ደረቱ ላይ እንደነበረ ቀረ። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀ ነበር። ሳምሶን እኔን አየኝ፣ እኔ ጣራውን አየሁ። አንዳችን «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ እየተግደረደረ ነው» ብንል ምን ነበረበት? ግን እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይባልም። «ለምነው» ተብሎ የተለመነ ልመና ልመና አይሆንም። ደረጀ የኮቱን ቁልፎች ቆላልፎ «ሰብሳቢው፣ ደኅና ይዋሉ» ብሎ ወጣ። ጋሼነቱ በዚያው አለቀ።

ዋንጫው ደረሰ። ጄኔቭ በሦስት ቡድን ገባች፣ ዙሪክ በአንድ። ጄኔቭ ጄኔቭን ገጠመች፣ ጄኔቭ ጄኔቭን አሸነፈች፣ ጄኔቭ ጨፈረች። እንዴት ያለ ድል ነው! ጋሽ ፍሬው ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ የተለመደው ቦታቸው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ኳስ ሲወጣ ወደ ጎን ዞረው «አየህ?» ይላሉ፤ ጎናቸው ማንም የለም። እኩለ ቀን ላይ ወደ ምግቡ ጠረጴዛ መጡ።

«የዙሪክ ሰዎች ባቡር ዘገየ እንዴ?»

«የሚመጡት መጥተዋል፣ ጋሽ ፍሬው።»

«ሁሉም?»

«ሊማት እኮ አላለፈም።»

«ለማየትስ አይመጡም?» አሉ፤ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም አውቀን አለፍነው። ማታ ዋንጫውን ሲያነሡ የሰው ሕፃን ያዝልኝ የተባሉ ይመስሉ ነበር።

ሰው ሲበታተን ወንበር ስናጥፍ አጠገቤ መጡ። «እኔ እኮ ከልቤ ነው የሰጠሁት። እምቢ አለኝ» አሉ።

አላስቻለኝም። «ጋሽ ፍሬው፣ ስንቴ ጠየቁት?»

«አንዴ።»

«አንዴ! የት ነው ያደጉት እርስዎ? ወንድምዎን እንደ ትራም ተሳፋሪ አንዴ ጠይቀው ያልፋሉ? ‹ይቅር› ሲልዎ ‹በሞቴ› አይሉም?»

ያጠፉትን ወንበር መልሰው ዘረጉና ተቀመጡበት። «ለመንኩት ማለት እኮ ነው ያኔ» አሉ።

«አዎ! ይለምኑታ! ምን ያጎድልብዎታል?»

«ለእናቴ ተዝካር ብቻዬን ስቆም እኔን የለመነኝ አለ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለጥል የሚሆን አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኝ ሆነው አይደለም፤ የያዙትን ቢለቁ ሌላ የሚይዙት አልነበራቸውም።

መኸር ላይ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ሥራ አለሽ?» አሉ። «የለኝም።» «ዙሪክ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ እኔ እንደሆነ ያንን ጉሮሮ የሚጠርጉበትን ቋንቋ አልችልም።» የባቡር ማስታወቂያው ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ሲዞር ቦርሳቸውን ከወንበሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ኮንትሮለሩ ሲመጣ ደግሞ ቲኬታቸውን አሳይተው፣ የሰውየውን አቆራረጥ እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙ። «ይሄ ሰው አንዱንም አላየም፣ እንዲያው ነው የሚያልፍ» አሉኝ። መልካም ምኞት ነበራቸው ለዙሪክ፣ ይታያችኋል።

ደረጀ ልምምድ ላይ ነበር። ሜዳው ዳር ስንደርስ አየንና ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፣ ግን አልቀረበንም። ጋሽ ፍሬው በዚያ ጭቃ በቆዳ ጫማቸው ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ልጆቹ ኳሱን ትተው ያያሉ።

«ደረጀ፣ አራተኛውን ቦታ ውሰዱ» አሉ።

«የምን ቦታ? ዋንጫው እኮ አልቋል፣ ሰብሳቢው።»

«የሚመጣውን ዓመት።»

«ይቅር። ለናንተ ይሁን።»

«በሞቴ።»

«ኧረ ይቅር።»

«በሞቴ እኮ ነው የምልህ!» ብለው ጮኹ። «አፈር ስሆን! ስንቴ ልበል? በእማዬ!»

እማዬን ሲጠሩ ደረጀ ፊቱን ዞረ። ፊሽካውን በእጁ እያፍተለተለ ቆየና «እኔ ቦታ ፈልጌ አይደለም ጋሼ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ እንድትለምነኝ ነበር የፈለግኩት። እማዬ የሞተች ጊዜ ሳልመጣ ስቀር፣ ለተዝካሩ አትምጣ ግን ለኔ ብለህ ና ብትለኝ ኖሮ እመጣ ነበር። አንዴ ‹ትመጣለህ?› አልከኝ፣ ‹አልመጣም› ስልህ ስልኩን ዘጋህብኝ።»

ጋሽ ፍሬው ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ «እና አሁን መጣሁ» አሉ።

ተቃቀፉ እንዳልላችሁ፣ አልተቃቀፉም። ጋሽ ፍሬው ወደ ልጆቹ ዞረው «ያ ቀኝ ተከላካይ ለምንድነው ኳሱን ሁልጊዜ ለጠላት የሚሰጠው? ዘመዶቹ ናቸው?» አሉ። ደረጀ ተቆጣ። ማታ ድረስ ተጨቃጨቁ። እኔ ብቻዬን ወደ ጄኔቭ ተመለስኩ፤ ጋሽ ፍሬው ደረጀ ቤት ሶፋ ላይ አደሩ፣ ከዚያም በየሳምንቱ መጨረሻ ከእኔ በቀር ለማንም ሳይናገሩ መሄድ ሆነ።

ቀጥሎ በነበረው ስብሰባ ጋሽ ፍሬው ተነሥተው «ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋል፤ ዱሮም ሕጉ ይሄው ነው። ይሄን የሦስትና የአንድ ጉድ ያመጣብን ማነው?» አሉ። ዙሪያውን በሙሉ ዓይን ተመለከቱ፣ ጥፋተኛውን ፍለጋ። ሳምሶን ከንፈሩን ነከሰ። እኔም «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ።

በረዶው ቀልጦ ጸደይ ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ፍሬው ዙሪክ ከልምምድ ወደ ደረጀ ቤት ተመልሰው፣ ስለ ቀኙ ተከላካይ ተናግረው፣ ተኙ። ደረጀ ጠዋት ሊቀሰቅሳቸው ሲሄድ አልተነሡም።

ጄኔቭ እንግዲህ ወዲያውኑ ተሰበሰበች፤ እኛ ስብሰባ ላይ ማን ይቀድመናል። «አስከሬኑ ይምጣ» ተባለ። ከአስከሬኑ በላይ ያስጨነቀን ግን ሌላ ነው። «ያ ጴንጤ ያለ ፍትሐት እንደ ውሻ ሊቀብራቸው ነው» አለ አንዱ። ሌላው «ለእናቱ ያላደረገ ለወንድሙ ያደርጋል?» አለ። የሚደውለው ጠፋ፤ ሴት ናት ተብዬ እኔ ደወልኩ። ደረጀ ድምፁ ዘግቶ ነበር። «ስንዱ፣ ጋሼ እዚሁ ነው የሚቀበረው፣ እኔ ዘንድ» አለኝ። ስለ ፍትሐቱ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ። ባቡሩን ሙሉ ሞልተን ሄድን፣ ግማሻችን ለማልቀስ፣ ግማሻችን ለመታዘብ።

ስንደርስ የዙሪኩ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክፍት ነበር። የኛው ቄስ ከጄኔቭ ቀድመውን መጥተዋል፤ ለካ ደረጀ ራሱ ደውሎ ለምኗቸው፣ ጎሕ ሳይቀድ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የተቀበላቸው እሱ ነው። ፍትሐቱ ሙሉውን ተደረገ፣ አንድም አልጎደለ። የሊማት ልጆች ምን እንደሚደረግ ሳይገባቸው ሳጥኑን በትከሻቸው ተሸከሙ። ደረጀ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጫማውን አውልቆ፣ ባዶ እግሩን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። ሊታዘቡ የመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

ከቀብሩ በኋላ ተጠጋሁት። «ደረጀ፣ አንተ እኮ በፍትሐት አታምንም» አልኩት።

«እኔ አላምንም» አለኝ። «ጋሼ ግን ያምናል።»